እንቅልፍ ለሰው ልጅና ለእንስሳት ለምን አስፈለገ?

አንድ ሰው 70 ዓመት ቢኖርና በየቀኑ 8 ሰዓት ቢተኛ፣ ከዕድሜው ከ23 ዓመት በላይ የሚሆነውን በእንቅልፍ ያሳልፋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ አያርስም፣ አይነግድም፣ አይማርም፤ ራሱንም ከአደጋ በሚገባ ሊጠብቅ አይችልም። በዚህም ምክንያት እንቅልፍን እንደ ባከነ ጊዜ የመቁጠር ዝንባሌ በኅብረተሰቡ ዘንድ በስፋት ይታያል። ረዘም ላለ ጊዜ የሚተኛ ሰው «እንቅልፋም» ተብሎ ሲነቀፍ፣ ሌሊቱን ሳይተኛ የሚያነጋ ተማሪ፣ ነጋዴ ወይም አሽከርካሪ ግን ትጉህ ተብሎ ይመሰገናል።

የሳይንስ ምርምር የሚያሳየው እውነታ ከዚህ የተለየ ነው። እንቅልፍ ሰውነት ሥራ የሚያቆምበት ጊዜ ሳይሆን፣ በንቃት ሰዓት ሊሠሩ የማይችሉ ሥራዎችን የሚያከናውንበት ጊዜ ነው። ከዝሆን እስከ ዝንብ፣ ከዶሮ እስከ ዶልፊን በሚገባ የተጠኑ እንስሳት ሁሉ በአንድም ሆነ በሌላ መንገድ ይተኛሉ። መተኛት ለሕይወታቸው አደገኛ በሆነባቸው ቦታዎች የሚኖሩት እንኳ የአተኛኘታቸውን ዘዴ ለወጡ እንጂ እንቅልፍን አልተዉም። ይህ ጽሑፍ እንቅልፍ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ሲጓደል ምን ጉዳት እንደሚያስከትልና በዕለት ተዕለት ኑሮ ምን ዓይነት ጥንቃቄ ማድረግ እንደሚገባ ያብራራል።

እንቅልፍ ምንድን ነው?

እንቅልፍ ከመዝለፍለፍ፣ ራስን ከመሳትና ከማደንዘዣ የተለየ ተፈጥሯዊ ሁኔታ ነው። ተመራማሪዎች አንድ እንስሳ ተኝቷል ለማለት በዋናነት አራት ምልክቶችን ይመለከታሉ። አንደኛ፣ እንቅስቃሴው ይቀንሳል፤ ብዙውን ጊዜም የተለመደ የአተኛኘት ሁኔታ ይይዛል። ሁለተኛ፣ በዙሪያው ለሚፈጠር ድምፅ፣ ብርሃንና ንክኪ የሚሰጠው ምላሽ ይዳከማል። ሦስተኛ፣ በበቂ ሁኔታ ሲቀሰቀስ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይነቃል። አራተኛውና እጅግ አስፈላጊው ምልክት ደግሞ እንቅልፍ የተነፈገ እንስሳ በኋላ የጎደለውን ለማካካስ አብዝቶ ወይም አጥልቆ የሚተኛ መሆኑ ነው። ይህ የመጨረሻው ምልክት እንቅልፍ የልማድ ጉዳይ ሳይሆን እንደ ረሃብና እንደ ጥም ሊሟላ የሚገባው ፍላጎት መሆኑን ያረጋግጣል።

የሰው ልጅ እንቅልፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው አንድ ወጥ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በአሜሪካ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የነበሩት ዩጂን አሴሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን፣ የተኛ ሰው ዓይኖች በተወሰኑ ጊዜያት ከሽፋሽፍት ሥር በፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ አስታወቁ። በዚህ ጊዜ አንጎል የነቃ ሰው አንጎል የሚመስል እንቅስቃሴ ያሳያል፤ ግልጽ የሆኑ ሕልሞች በብዛት የሚታዩትም ያን ጊዜ ነው። አብዛኞቹ የሰውነት ጡንቻዎች ደግሞ ሰውዬው ሕልሙን በተግባር እንዳይፈጽም ለጊዜው ይዝላሉ። ይህ የእንቅልፍ ክፍል የሕልም እንቅልፍ ሊባል ይችላል። ሌላው ክፍል ከቀላል ማንቀላፋት ተነሥቶ እስከ ጥልቅ እንቅልፍ ይደርሳል፤ በጥልቅ እንቅልፍ ወቅት የልብ ምትና አተነፋፈስ ይረጋጋሉ፣ የደም ግፊትም ዝቅ ይላል።

እነዚህ ክፍሎች በአዋቂ ሰው ላይ በየ90 ደቂቃው ገደማ እየተፈራረቁ በአንድ ሌሊት ከአራት እስከ ስድስት ጊዜ ይደጋገማሉ። ጥልቅ እንቅልፍ በሌሊቱ መጀመሪያ አጋማሽ፣ የሕልም እንቅልፍ ደግሞ ወደ ንጋት ይበዛል። ስለዚህ ከለመደው ጊዜ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ የሚነሣ ሰው የሚያጣው የሰዓት ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከሕልም እንቅልፉ ውስጥ ሰፊውን ድርሻ ጭምር ያጣል።

እንስሳት እንዴት ይተኛሉ?

የእንቅልፍን አስፈላጊነት ለመረዳት ከሁሉ የተሻለው መንገድ የእንስሳትን አኗኗር መመልከት ነው። የተኛ እንስሳ ለአዳኝ የተጋለጠ ነው፤ አይመገብም፣ ልጆቹንም አይጠብቅም። እንቅልፍ ጥቅም ባይኖረው ኖሮ በረጅም ዘመናት ውስጥ ቢያንስ ጥቂት የእንስሳት ዝርያዎች በተዉት ነበር። የታየው ግን ከዚህ ተቃራኒው ነው።

በሰሜን ተራሮች የሚኖረው ጭላዳ ቀኑን በሜዳ ላይ ሣር ሲግጥ ውሎ፣ ሲመሽ ለመተኛት ወደ ገደል ይወርዳል። በጠባብ የዐለት እርከን ላይ መተኛት ከመውደቅ አደጋ ነፃ ባይሆንም፣ አዳኝ እንስሳት በቀላሉ ሊደርሱበት ስለማይችሉ ከሜዳው ይሻላል። ዶሮም ሲመሽ ቆጥ ላይ የምትወጣው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። ከዚህም በላይ ዶሮን ጨምሮ ብዙ አዕዋፍ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ግማሽ አንጎላቸውን ብቻ ሊያሳርፉ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ በሆነ ጥናት በተርታ የተኙ ዳክዬዎች ሲታዩ፣ በተርታው ጫፍ ላይ ያሉት ከመካከለኞቹ በበለጠ አንድ ዓይናቸውን ወደ ውጭ ገልጠው ይጠብቁ እንደነበር ተረጋግጧል።

ዶልፊን በባሕር ውስጥ ብትኖርም የምትተነፍሰው አየር ስለሆነ በየጊዜው ወደ ውኃው ገጽ መውጣት አለባት። ሙሉ በሙሉ ብትተኛ ልትሰጥም ትችላለች። በመሆኑም የአንጎሏን ግማሽ ክፍሎች በየተራ ታሳርፋለች፤ አንዱ ሲተኛ ሌላው መዋኘቷንና መተንፈሷን ይቆጣጠራል።

ፍሪጌት የተባለችው ትልቅ የባሕር ወፍ ምድር ሳትረግጥ ለቀናት በውቅያኖስ ላይ ትበራለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ በሆነ ጥናት በጋላፓጎስ ደሴቶች በእነዚህ ወፎች ራስ ላይ የአንጎል እንቅስቃሴን የሚመዘግብ አነስተኛ መሣሪያ ተገጥሞ ነበር። ውጤቱም ወፎቹ በበረራ ላይ ሳሉ በቀን በአማካይ 42 ደቂቃ ያህል ብቻ፣ በአጭር በአጭሩ እየቆራረጡ እንደሚተኙ አሳይቷል። ወደ ምድር ሲመለሱ ግን በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ይተኛሉ። በአንታርክቲካ አካባቢ ጎጇቸውን የሚጠብቁ የአንድ ፔንግዊን ዝርያ አባላት ደግሞ በአማካይ ለ4 ሰከንድ ብቻ የሚቆይ እንቅልፍ በቀን ከ10,000 ጊዜ በላይ እንደሚተኙ እ.ኤ.አ. በ2023 ተገልጿል። ድምሩ በቀን ወደ 11 ሰዓት ይደርሳል።

የእንቅልፍ መጠን ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። አንዳንድ የሌሊት ወፎች በቤተ ሙከራ ሲጠኑ በቀን 20 ሰዓት ገደማ ይተኛሉ። በቦትስዋና ለ35 ቀናት ክትትል የተደረገባቸው ሁለት የዱር ዝሆኖች ግን በአማካይ በቀን የተኙት 2 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ግዙፍ አካሉን ለመመገብ ብዙ ሰዓት የሚያስፈልገው እንስሳ ለእንቅልፍ የሚተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም እርሱም ቢሆን ይተኛል። የፍራፍሬ ዝንብ የእንቅልፍ ባሕርይ እንዳላት እ.ኤ.አ. በ2000 ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ አንጎል የሌለው ጄሊፊሽ የተባለ የባሕር እንስሳ ሌሊት እንቅስቃሴው እንደሚቀንስና ዕረፍቱን የተነፈገ እንደሆነ በማግሥቱ እንደሚዳከም ተረጋግጧል። ይህም እንቅልፍ በምድር ላይ እጅግ ጥንታዊ ከሆኑ የሕይወት ባሕርያት አንዱ መሆኑን ያመለክታል።

ጉዳዩ የቤት እንስሳት ላሏቸው ቤተሰቦችም ቀጥተኛ ትርጉም አለው። ፈረስ ቆሞ ማንቀላፋት እንደሚችል ይታወቃል፤ ነገር ግን የሕልም እንቅልፉን ለማግኘት መጋደም አለበት። የሚጋደምበት ደረቅና ሥጋት የሌለበት ስፍራ ለብዙ ቀናት ያጣ ፈረስ ቆሞ ሳለ ጉልበቱ ሊከዳው፣ ወድቆም ሊቆስል ይችላል። ላምም በቀን ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ ተጋድማ የምታሳልፍ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ እንቅልፍ የሚሆነው ጥቂቱ ነው፤ የቀረውን ጊዜ ታመሰኳለች። ስለዚህ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ፣ ጭነት የሚያመላልስ አህያና የምትታለብ ላም ከመኖና ከውኃ በተጨማሪ ደረቅ መኝታና የማይረበሽ የዕረፍት ጊዜ ሊያገኙ ይገባል።

እንቅልፍ ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ ምን ይከተላል?

ሩሲያዊቷ ሐኪም ማሪያ ማናሴይና እ.ኤ.አ. በ1894 ይፋ ባደረጉት ሙከራ እንቅልፍ የተከለከሉ ቡችሎች ከአራት እስከ አምስት ቀናት ውስጥ ሞተዋል። ሐኪሟ በንጽጽር እንዳስረዱት፣ ምግብ የተከለከሉ ውሾች ከ20 ቀናት በኋላም ቢሆን ሊያገግሙ ይችሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በአለን ሬክትሻፈን የተመራው ቡድን በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ ሙሉ በሙሉ እንቅልፍ የተከለከሉት አይጦች ከ11 እስከ 32 ባሉት ቀናት ውስጥ ለሞት በቅተዋል። አይጦቹ ከወትሮው አብልጠው እየበሉ ክብደታቸው ቀንሷል፤ ቆዳቸው ቆስሏል፤ በመጨረሻም የሰውነታቸው ሙቀት ወርዷል።

በሰው ላይ እንዲህ ያለ ሙከራ ማድረግ አይፈቀድም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1963 መጨረሻ በአሜሪካ ሳንዲያጎ ከተማ ራንዲ ጋርድነር የተባለ የ17 ዓመት ተማሪ ለትምህርት ቤት የሳይንስ ውድድር በፈቃዱ 264 ሰዓት፣ ማለትም 11 ቀናት፣ ሳይተኛ ቆይቷል። በሂደቱ የመበሳጨት፣ የመርሳትና ትኩረት የማጣት ምልክቶች ታይተውበታል፤ ንግግሩም ተዳክሟል። ሙከራው ሲያበቃ ለ14 ሰዓት ያህል ተኝቷል። የጊነስ የድንቃድንቅ መዝገብ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ይህን መሰል ሙከራ ለጤና አደገኛ በመሆኑ መመዝገብ አቁሟል።

በእንቅልፍ ጊዜ ምን ይከናወናል?

ሰውነት በእንቅልፍ ወቅት የሚያከናውናቸው ሥራዎች ብዙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ትምህርትን ማጽናት። በቀን የተገኘ ዕውቀት በአንጎል ውስጥ በጽኑ ሁኔታ የሚቀመጠው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ትርጉም የሌላቸውን ቃላት ለተማሪዎች ካስጠኑ በኋላ፣ ወዲያው የተኙበትን ጊዜና ነቅተው የቆዩበትን ጊዜ አነጻጽረዋል። ተማሪዎቹ ከተኙ በኋላ ያስታወሱት የቃላት ብዛት ነቅተው ከቆዩ በኋላ ካስታወሱት የበለጠ ነበር። በኋለኞቹ ዘመናት በአይጦች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም፣ አይጧ ቀን በመንገድ ስትሄድ የሠሩት የአንጎል ሕዋሳት ስትተኛ እንደገና በኅብረት እንደሚነቃቁ አሳይተዋል። አንጎል የቀኑን ትምህርት በሌሊት ይከልሳል እንደ ማለት ነው።

አንጎልን ማጽዳት። የአንጎል ሕዋሳት በንቃት ሰዓት ሲሠሩ ዝቃጭ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ በማይከን ኔደርጋርድ የተመራ ቡድን፣ በተኙ አይጦች አንጎል ውስጥ በሕዋሳት መካከል ያለው ክፍተት በ60 በመቶ ገደማ እንደሚሰፋና በዚያ የሚያልፈው ፈሳሽ ዝቃጩን እንደሚያስወግድ ገልጿል። ከሚወገዱት መካከል ከአልዛይመር የመርሳት በሽታ ጋር ግንኙነት ያለው ፕሮቲን ይገኝበታል። የአሠራሩ ዝርዝር ዛሬም በተመራማሪዎች ዘንድ ክርክር የሚደረግበት ነው።

ዕድገትና ጥገና። የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው በጥልቅ እንቅልፍ ወቅት ነው። ይህ ሆርሞን ልጆች እንዲያድጉ፣ በአዋቂዎችም ላይ የተጎዱ ሕብረ ሕዋሳት እንዲጠገኑ ይረዳል። ለሕፃናት በቂ እንቅልፍ ከተመጣጠነ ምግብ ጋር አብሮ የሚታይበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በሽታን መከላከል። እንቅልፍ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ በሆነ ጥናት ለተከታታይ ቀናት በሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ የተደረጉ ወጣቶች የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ተሰጥቷቸው ነበር። ከ10 ቀናት በኋላ አንቲቦዲ የተባሉት የበሽታ መከላከያ ንጥረ ነገሮች በደማቸው ውስጥ የተገኙት እንደ ወትሮው ከተኙት ሰዎች ከግማሽ ባነሰ መጠን ነው።

የምግብ ፍላጎትንና የስኳር መጠንን ማስተካከል። እንቅልፍ ሲጓደል ረሃብን የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ይጨምራል፤ የጥጋብ ስሜት የሚሰጠው ይቀንሳል። ሰውነት በደም ውስጥ ያለውን ስኳር የመጠቀም አቅሙም ይዳከማል። በዚህም ምክንያት የተራዘመ የእንቅልፍ እጦት ከክብደት መጨመር፣ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊትና ከልብ ሕመም ጋር ተያይዞ ይታያል።

እንቅልፍን የሚጠሩ ሁለት ኃይሎች

ሰው የሚተኛበትን ሰዓት በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ተፈጥሯዊ ሥርዓቶች ናቸው። የመጀመሪያው የእንቅልፍ ግፊት ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ ቁጥር አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ ይከማቻል፤ ክምችቱ ሲጨምር ድብታና ማዛጋት ይመጣሉ። ሲተኛ ክምችቱ ይቀንሳል።

ቡና የሚያነቃቃው በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ጣልቃ በመግባት ነው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን አዴኖሲን የሚያርፍባቸውን የአንጎል ቦታዎች ይይዛል። አዴኖሲኑ ግን አልጠፋም፤ መከማቸቱን ይቀጥላል። ካፌይኑ ሲያልቅ የቆየው ድካም ተጠራቅሞ ይመለሳል። በአዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ቡና የጠጣ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የካፌይኑ ግማሽ ገና በሰውነቱ ውስጥ አለ። የምሽት ቡና እንቅልፍ የሚነሣቸው ሰዎች የቡናውን ሥነ ሥርዓት ወደ ጠዋት ወይም ወደ ምሳ ሰዓት ቢያዞሩት ይመከራል። ጫትም እንዲሁ አነቃቂ ንጥረ ነገር ያለው በመሆኑ እንቅልፍን ያዘገያል፤ የጎደለውን እንቅልፍ ግን አይተካም።

ሁለተኛው ሥርዓት የሰውነት ውስጣዊ ሰዓት ነው። ይህ ሰዓት በአንጎል ውስጥ የሚገኝ ሲሆን፣ በየዕለቱ የሚስተካከለው በዋናነት በብርሃን ነው። ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይመነጫል፤ ሲነጋ ይቀንሳል። ውስጣዊ ሰዓቱ በሕዋሳት ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ የገለጹት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ የተባሉ ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2017 የሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። ቀኑን ከፀሐይ መውጣት ጀምሮ የሚቆጥረው የኢትዮጵያ የሰዓት አቆጣጠር ከዚህ ተፈጥሯዊ ሥርዓት ጋር የሚቀራረብ ነው። ደማቅ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና የእጅ ስልክ ግን ምሽቱን ወደ ቀን እየለወጡ የሜላቶኒንን መመንጨት ያዘገያሉ።

የእንቅልፍ እጦት አደጋዎች

የእንቅልፍ እጦት አሳሳቢ የሚሆነው ባለቤቱ ጉዳቱን በራሱ ላይ በትክክል መመዘን ስለማይችል ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ይፋ በሆነ ጥናት ለ14 ቀናት በሌሊት 6 ሰዓት ብቻ የተኙ ጤናማ አዋቂዎች የትኩረት ብቃታቸው አንድ ወይም ሁለት ሌሊት ጨርሶ ካልተኛ ሰው ጋር ወደሚቀራረብ ደረጃ ወርዷል። ተሳታፊዎቹ ግን የተሰማቸው ድካም ጥቂት ነበር። «ለምጄዋለሁ፤ ጥቂት ሰዓት ይበቃኛል» የሚለው አባባል ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በመንገድ ላይ ይህ ስሕተት ሕይወት ያስከፍላል። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የማሽከርከር ብቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። እጅግ የደከመ ሰው ሳያውቀው ለጥቂት ሰከንዶች ሊያንቀላፋ ይችላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በ4 ሰከንድ ውስጥ ወደ 90 ሜትር ይሄዳል። በዚህ ርቀት ውስጥ መንገድ የሚያቋርጥ ሕፃን፣ የሚነዳ ከብት ወይም የቆመ ተሽከርካሪ ቢኖር አሽከርካሪው ፍሬን እንኳ አይዝም። አደጋው በተለይ የሚያሰጋው ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓትም ድብታ ይበረታል። መስኮት መክፈት፣ ሙዚቃ ከፍ ማድረግና ጫት መቃም ድካሙን ይሸፍኑ ይሆናል እንጂ አያስወግዱትም። መፍትሔው ደኅንነቱ በተጠበቀ ቦታ ቆሞ መተኛት ብቻ ነው።

የሌሊት ሥራም የራሱ ጫና አለው። የዓለም ጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የሌሊት ፈረቃ ሥራን ለካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱ ሁኔታዎች ጋር መድቦታል። ጥበቃዎች፣ ነርሶች፣ ሐኪሞች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና ሌሎችም ሌሊት እየሠሩ ኅብረተሰቡን የሚያገለግሉ ዜጎች ቀን የሚተኙበት ጸጥታና ጨለማ እንዲያገኙ ቤተሰብና አሠሪ ሊተባበሩ ይገባል።

ምን ያህል እንቅልፍ ያስፈልጋል?

በጤና ተቋማት የሚመከረው የእንቅልፍ መጠን በ24 ሰዓት ውስጥ እንደሚከተለው ነው፦

• ከልደት እስከ 3 ወር፦ ከ14 እስከ 17 ሰዓት
• ከ4 እስከ 11 ወር፦ ከ12 እስከ 16 ሰዓት
• ከ1 እስከ 2 ዓመት፦ ከ11 እስከ 14 ሰዓት
• ከ3 እስከ 5 ዓመት፦ ከ10 እስከ 13 ሰዓት
• ከ6 እስከ 12 ዓመት፦ ከ9 እስከ 12 ሰዓት
• ከ13 እስከ 18 ዓመት፦ ከ8 እስከ 10 ሰዓት
• አዋቂዎች፦ 7 ሰዓትና ከዚያ በላይ

ለሕፃናትና ለታዳጊዎች የቀን እንቅልፍም በዚህ ቁጥር ውስጥ ይካተታል።

ጥሩ እንቅልፍ ለማግኘት የሚረዱ ምክሮች

• በየቀኑ፣ በዕረፍት ቀናትም ጭምር፣ በተመሳሳይ ሰዓት መተኛትና መነሣት፤
• ጠዋት ከቤት ወጥቶ የፀሐይ ብርሃን ማግኘት፤ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት የእጅ ስልክንና ቴሌቪዥንን ማራቅ፤
• ከሰዓት በኋላ ቡና፣ ጠንካራ ሻይና ሌሎች አነቃቂ ነገሮችን አለመውሰድ፤
• አልኮልን እንደ እንቅልፍ መድኃኒት አለመጠቀም። አልኮል ቶሎ ቢያስተኛም የሌሊቱን እንቅልፍ ይቆራርጣል፤
• የመኝታ ክፍሉን ጨለማ፣ ጸጥተኛና አየር የሚገባበት ማድረግ፤
• የወባ ትንኝ በብዛት የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት በመሆኑ፣ ወባ ባለባቸው አካባቢዎች ሁልጊዜ በአጎበር ውስጥ መተኛት፤
• ቀን ሸለብ ማድረግ ለሚሹ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ መወሰን።

ለተማሪዎች፦ ለፈተና ሲዘጋጁ ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ ማካሄድና በተለይ በፈተናው ዋዜማ በቂ እንቅልፍ መተኛት ይገባል። ሌሊቱን በጥናት ማንጋት የተጠናውን ለማጽናት የሚያስፈልገውን ጊዜ ያሳጣል።

ለወላጆች፦ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ሕፃን ለእንቅልፍ ሁልጊዜ በጀርባው ሊተኛ ይገባል፤ መኝታው ጠጠር ያለ፣ ትራስና ለስላሳ ጨርቅ የማይከመርበት ሊሆን ይገባል። አራስ እናት ሌሊት ለማጥባት ደጋግማ ስለምትነሣ፣ ሕፃኑ ቀን ሲተኛ እርሷም እንድትተኛ ባለቤቷና ቤተሰቧ የቤት ሥራውን ሊያግዟት ይገባል።

ለአሽከርካሪዎችና ለተሽከርካሪ ባለንብረቶች፦ ከጉዞ በፊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት፣ በየሁለት ሰዓቱ ማረፍ፣ ድብታ ሲሰማ ወዲያው መቆም ያስፈልጋል። ባለንብረቶች የጭነት ማድረሻ ጊዜ ሲወስኑ የአሽከርካሪውን የእንቅልፍ ጊዜ ሊያካትቱ ይገባል።

ወደ ጤና ተቋም መሄድ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እንቅልፍ የመያዝ ወይም ተኝቶ የመቆየት ችግር በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሆኖ ለሦስት ወራት ከቀጠለ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባል። ከፍተኛ ማንኮራፋት ያለበትና በእንቅልፍ መካከል ትንፋሹ እየተቋረጠ የሚባንን ሰው በቶሎ ሊመረመር ይገባል፤ ይህ ሁኔታ ለደም ግፊትና ለልብ ሕመም ያጋልጣልና። በቂ ሰዓት ተኝቶም ቀን በሥራና በመሪ ላይ የሚያንቀላፋ፣ ወይም እንቅልፍ ማጣቱ ከከባድ ሐዘን፣ ጭንቀትና ተስፋ መቁረጥ ጋር የተያያዘ ሰውም እንዲሁ። የእንቅልፍ መድኃኒትን ያለ ሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ወይም ለሌላ ሰው የታዘዘን መጠቀም አደገኛ በመሆኑ ፈጽሞ አይመከርም።

ጭላዳ በገደል፣ ዶልፊን በባሕር፣ ፍሪጌት በሰማይ የሚተኙት ምቹ ስለሆነላቸው አይደለም፤ ያለ እንቅልፍ መኖር ስለማይችሉ ነው። የሰው ልጅ ግን ከእነዚህ ሁሉ የተሻለ መጠለያ ያለው ሲሆን፣ እንቅልፉን ብዙ ጊዜ የሚያጣው በራሱ ውሳኔ ወይም በሥራው አደረጃጀት ምክንያት ነው። ስለዚህ በቂ እንቅልፍ መተኛት የስንፍና ምልክት ሳይሆን የጤና ጥበቃ ተግባር መሆኑን በመገንዘብ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ፣ ትምህርት ቤትና የሥራ ቦታ ለእንቅልፍ ተገቢውን ጊዜ ሊመድብ ይገባል።